ዘፋኝ የሌለው ዘፈን

የፈረስ ቤትን ብርድ ለማያውቅ ሰው ስለ ሬድዮ ባወራው በደንብ አይገባውምና ከብርዱ ልጀምር። ፈረስ ቤት ያለችበት የጎጃሙ ደጋ ዳሞት ስሙ እንደሚለው ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከማለዳ ጀምሮ ደጃፉ ላይ ይተኛና አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች በድምፅ ብቻ ይተዋወቃሉ፣ ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፣ የገብሱ ማሳ እርጥብ እርጥብ ይሸታል፣ ሲመሽም ሁሉም ባናውን ተከናንቦ ወደ ምድጃው ይጠጋል። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይን እያቃጠለ፣ ድንቹ ከረመጡ ሥር እየበሰለ፣ ኩራዙ ላምባ ላምባ እየሸተተ ያ ሁሉ ቤተሰብ አፉን ዘግቶ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ አባቴ ብድግ ብለው ከመደቡ ራስጌ ያለውን ዳንቴል በሁለት ጣታቸው እስኪገልጡት።

ከዳንቴሉ ሥር ሬድዮው አለ። ዳንቴሉን የሠራችው እናቴ ናት፤ ዙሪያውን ቀይ አበባ አድርጋበት ነበር። አቧራ እንዳይገባበት ነው ይባል እንጂ እውነቱን ለመናገር ለክብሩ ነው፤ በግ ተሸጦ የተገዛ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬድዮው የሚሠራው በድንጋይ ነው፤ ዛሬ ባትሪ የሚባለውን እኛ ድንጋይ ነበር የምንለው። ድንጋዩ ሲደክም ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ያም ካልበጀ በክራንቻችን ነከስ ነከስ አድርገን እንመልሰዋለን፣ እሱም የዜናውን ግማሽ ያህል ያደርሰንና ድምፁ እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄዶ ጭጭ ይላል። የድንጋይ ነገር በቤታችን ከእህል ቀጥሎ የሚነሣ ጉዳይ ስለነበር አባቴ ሬድዮ የሚከፍቱት ለዜና ብቻ ነው። ነገር ግን የእጅ ሰዓታቸውን አያምኑትም ነበርና ሁልጊዜ ትንሽ ያስቀድማሉ፤ የእኔ ሲሳይ በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ነበረች።

ዜናው እስኪጀምር ድረስ ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ይለቀቃል። ኦርጋን የምለው ዛሬ ነው እንጂ ያኔ ኦርጋን የሚባል ዕቃ መኖሩንም አላውቅ። የማውቀው መሰንቆና ዋሽንት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮና ጸናጽል፣ ቢበዛ እምቢልታ ነው። ይህ ከነዚህ አንዱም አይደለም፤ ያቃስታል፣ ይንከባለላል፣ አንዳንዴም የሚስቅ ይመስላል፤ ዜማው ግን የእኛው ነው፣ ሳላውቀው የማውቀው። ዘፋኝ ስለሌለው ሬድዮው ራሱ የሚያንጎራጉረው አድርጌ ነበር የያዝኩት። ጋዜጠኛው ውኃ እስኪጎነጭ፣ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ሬድዮው ለብቻው ያንጎራጉራል፤ ሰውዬው ሲመለስ በጨዋ ደንብ ዝም ይላል። ይህን ሐሳቤን ለማንም አልተናገርኩም፤ ይስቁብኛል ብዬ ሳይሆን ከማንም የተሰወረ ነገር ስላልመሰለኝ ነው።

አባቴ ያችን ሙዚቃ ዝቅ ያደርጓታል። «ድንጋይ ትበላለች» ይላሉ። እናቴ ታዲያ እንዝርቷን ታቆምና «ይተዋት እንጂ፣ ምን አደረገችዎ?» ትላቸዋለች። አባቴም ጆሮ እንዳልሰጠ ሰው ዝም ብለው ቁልፉን ትንሽ ይመልሱታል። እናቴ ያችን ሙዚቃ የምትወድበት የራሷ ምክንያት ነበራት። ዘፋኝ ያለው ዘፈን የሌላ ሰው ጉዳይ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ሎጋና ስለ ሌላ ሰው ሸጋ ያወራል። ይህኛው ግን ባዶውን የመጣ ስለሆነ የፈለገችውን ታስቀምጥበታለች። ፈትሏን እየሳበች በዜማው ላይ ስንኝ ትደረድርበት ነበር፤ ቡና ለቀማ ብሎ በቡሬ በኩል ወለጋ ወርዶ እዚያው ስለቀረ ወንድሟ፣ ስለ ሞተች ላሟ፣ ስለ ዘንድሮ በረዶ። ዜናው ሲጀምር ስንኟ መሐል ላይ ይቆረጣል። ነገ ማታ ከቆመችበት ትቀጥላለች።

በከተማው ውስጥ ግን እንደ እናቴ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ቴፕ ያለው ጠጅ ቤት ነው፤ ባለቤቲቱ ቴፑን ከብርሌዎቹ በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ከራሷ በስተቀር ማንም እንዳይነካው አድርጋ ነበር። እኛ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ከጌሾው ሽታ ጋር የሚመጣውን ዘፈን እናዳምጣለን። ካሴቱ መጨረሻው ላይ ትርፍ ቦታ ሲኖረው አንዳንዴ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ይሞሉበታል፤ እሷ እዚያ ስትደርስ ትዘለዋለች። ሳትዘለው የቀረች እንደሆነ ከውስጥ አንዱ ጠጪ «ዘፋኙ ምን ነካው? ጉሮሮው ታመመ እንዴ?» ብሎ ይጮሃል፤ ሳቅ ይሆናል። ጎጃሜ ቃል ይወዳል፤ ቅኔ የሚቆጠርበት አገር ሰው፣ አዝማሪ በአንድ ስንኝ ሁለት ሰው ሲሰድብ ደስ የሚለው ሰው፣ ቃል የሌለውን ዘፈን ከነገር አይቆጥረውም። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን ያችን ሙዚቃ የምወዳት የሬድዮአችን ጉሮሮ ስለሆነች እንጂ የሙዚቃ ፍቅር ገብቶኝ አልነበረም።

ከፍ ስል ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። ከፈረስ ቤት ፍኖተ ሰላም መውረድ ዛሬ ቀላል ነገር ነው፤ ያኔ ግን ባናን ጥሎ በሸሚዝ መሄድ፣ ብርድን ከኋላ ትቶ ወደ ማንጎና ሙዝ አገር መግባት ነበር። በሶና ቆሎ ስንቅ ይዘን፣ ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ ቆመን እናያለን። ከወደ ቡሬ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ መንገዱ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ተራ በተራ ያነጥሳል፤ የበርበሬው ዓመት መልካም መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው እያልን እንቀልድ ነበር። ከመናኸሪያው አጠገብ ደግሞ ካሴት ቤት ነበረች። ድምፅ ማጉያዋን ወደ ውጭ አዙራ ቀኑን ሙሉ ትጮሃለች፤ ግድግዳዋ ላይ የዘፋኞች ፎቶ ተለጥፏል፤ ውስጧ የላስቲክና የአዲስ ካሴት ሽታ አለ። ያ ሽታ አሁን የት እንደሚገኝ አላውቅም፤ ከሱቆቹ ጋር አብሮ ሄዷል።

የካሴት ልባስ ማንበብ የጀመርኩት እዚያ ነው። ፊት ለፊት ዘፋኙ ቁልቁል እያየ በትልቁ ይታያል፤ ከታች፣ በጣም በደቃቁ፣ ዓይን ተክሎ ካላዩት በማይነበብ ፊደል፣ ያጀበው ባንድ ስም ይጻፋል። በዚያ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ሮሃ ባንድ ነበር፤ አንዳንዱ ቆየት ያለ ላይ ደግሞ ዋልያስ ባንድ ይላል። አንድ ቀን ባለሱቁን፣ ዘፋኙን ትቶ ባንዱን ብቻ የያዘ ካሴት ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። ገረመውና ትንሽ አየኝ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ጎርጉሮ ልባስ የሌላት፣ ጀርባዋ ላይ በእስክሪብቶ «ዋልያስ» የተባለባት አንዲት ካሴት አወጣ። ክሯ ላልቶ ስለነበር በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከረ አጠበቃትና ከተታት። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ የሬድዮአችን ጉሮሮ ነበር። መናኸሪያው መሐል ቆሜ ድንች ሸተተኝ።

ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ በደንብ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዋልያስ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የተቋቋመ ባንድ ነው፤ ለዓመታት የተጫወተውም ሂልተን ሆቴል ነበር። ኪቦርዱ ላይ የነበሩት ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ደብረ ብርሃን ተወልደው በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የጦር ሠራዊቱን ሙዚቃ ክፍል ተቀላቅለው አኮርዲዮን የጀመሩትም እዚያ ነው። ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ ባስ መላከ ገብሬ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፤ ፒያኖውና ቅንብሩ ላይ ደግሞ ግርማ በየነ። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ የተቀነባበረ አልበም አወጡ፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ተጫውተውበታል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ የግርማ በየነ ድርሰት ነው። ጊዜው የቀይ ሽብርና የሰዓት እላፊ ጊዜ ነበር፤ ሂልተን የገባ ሰው ሌሊቱን መውጣት ስለማይችል ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። እዚያ ጨፋሪው ወደ ቤቱ መሄድ ተከልክሎ ሲጨፍር፣ እዚህ ፈረስ ቤት እናቴ በዚያው ዜማ ላይ ስለ ላሟ ስንኝ ስትደረድር አስቡት። ሁለቱ ቤቶች አይተዋወቁም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያሶች ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዱ። ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እዚያው ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው፤ ግርማ፣ ሞገስና መላከም እንዲሁ። ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው ዋሽንግተን አካባቢ ተጫወቱ። ጋሽ ኃይሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻቸውን አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው የልጅነታቸውን አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና የከበሮ ማሽን ይዘው ሁሉንም ራሳቸው እየተጫወቱ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጹ። ካሴቷ አገር ቤትም ገባች። ከዚያ ስማቸው ጠፋ። ኑሮ ነው፤ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ እስኪደርሳቸው ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በባትሪ የሚለውን ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ፤ «ድንጋይ ትበላለች» ይሏቸው ነበር።

አሁን ወደ ባሕር ዳር ልውሰዳችሁ፤ ከፍኖተ ሰላም ብዙም አይርቅም። እኔም ለመምህርነት የሠለጠንኩት እዚያው ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከጣና የሚመጣው ነፋስ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ በካሴት ቤቶቹ በር ላይ መንጠላጠል ልማዴ ነበር። እነዚያ ሱቆች በኋላ ሲዲ መጣባቸው፣ ቀጥሎ ፍላሽ መጣባቸው፣ ካሴቶቹም በካርቶን ተጠራቅመው አቧራ ለበሱ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ፣ «አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው አሳታሚ ባለቤት፣ «ሸሞንሟናዬ»ን ያገኘው ከባሕር ዳር ነው። ሰምቶ አበደ። ጋሽ ኃይሉን አፈላልጎ አገኛቸው፤ እሳቸው ለካ ከአሜሪካው ዋና ከተማ አጠገብ ታክሲ እየነዱ ነው። ካሴቷ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመች፤ «ቼ በለው»ም ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩት «ወደ ሐረር ጉዞ»። የፈረንጅ ወጣት ተሰልፎ ትኬት ይገዛላቸው ጀመር። ያችን ካሴት እኔም ከካርቶኑ ውስጥ አንሥቼ መልሼ አስቀምጫት ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ፤ የዘፋኝ ፎቶ የሌለው ካሴት ገዢ አልነበረውምና።

የድሮውን እንደገና ማተም አንድ ነገር ነው። የድሮው ጥሩ መሆኑ አያከራክርም፤ ያ ዘመን የሠራው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ቅቤው ጭምር። ጋሽ ኃይሉ አዲስ ሥራ ይዘው እየመጡ ነው ሲባል ግን ፈራሁ። የአንጋፋ መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጉሮሮው የደከመ ዘፋኝ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ የዘፈነውን፣ ያ ሁሉ ሳክስፎንና ትራምፔት በአንድ ኪቦርድ ተተክቶ፣ «በአዲስ መልክ» ተብሎ ደግሞ ሲያወጣው አድምጫለሁ፤ አንድ ጊዜ ሰምቼ፣ በአክብሮት አስቀምጬ፣ ወደ አሮጌው ተመልሻለሁ። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ግርማ በየነ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ሆነው፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ ተከታታይ ሠላሳኛ ቅጽ ላይ ሲመለሱ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን አንድ ቤት ሁለት ጊዜ አይወልድም ብዬ ልቤን አዘጋጀሁ፤ ከሰባ ዓመት ያለፉ ሰው፣ ያን ያህል ዘመን መሪ ጨብጠው የኖሩ ጣቶች፣ ምን ያመጣሉ? ደህና ነገር ከሆነ ይበቃኛል አልኩ። «ደህና»ን ነበር የጠበቅኩት።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ይግባ። አዲስ አበባ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚኖር፣ ፀጉሩን ያሳደገ፣ በሙቀቱም በብርዱም ጥቁር ቲሸርት የሚለብስ ልጅ ነው። የሚያዳምጠው ሄቪ ሜታል የሚሉትን፣ ጊታሩ የሚጮህበትን፣ ዘፋኙ የሚያጓራበትን ሙዚቃ ነው፤ ቤቴ ሲመጣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ይወርዳሉ። ከሁሉም በላይ የሚያመልከው ጁዳስ ፕሪስት የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ነው፤ በርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ፣ ከዋልያስም የሚቀድም። የሚገርመው የእሱም ሽማግሌዎች አዲስ ሥራ ይዘው የመጡት የእኔዎቹ በመጡበት ሰሞን ነው። የጋሽ ኃይሉ «ላላ በሉ» የካቲት 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ወጣ፤ የጁዳስ ፕሪስት «ፋየርፓወር» የካቲት 30። ሁለት ሳምንት ነው ልዩነቱ። እሱም እኔ የፈራሁትን ፈርቶ ነበር። ዘፋኙ ሮብ ሃልፎርድ በመሐል ባንዱን ጥሎ ዓመታት ቆይቶ የተመለሰ ነው፤ ጊታር መቺው ግሌን ቲፕተን ፓርኪንሰን እንደያዘውና ለጉዞው እንደማይወጣ አልበሙ ሊወጣ ሰሞን ተነገረ። «ጋሼ፣ ለስሙ ያህል የሚያወጡት መስሎኝ ነበር» አለኝ። እንደ ሰማሁት ከሆነ አልበሙ በአሜሪካ ሽያጭ አምስተኛ ደረጃ ደርሶላቸዋል፤ በዚያ ሁሉ ዘመናቸው ደርሰውበት የማያውቁት ከፍታ።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ ሁለቱንም በስልኩና በአንዲት ጭብጥ በምታህል ስፒከር ይዞ መጣ። ተስማማን፤ አንድ የእሱ፣ አንድ የእኔ። የእሱ ቀደመ። ግድግዳው ላይ ያለው የቤተሰብ ፎቶ ሳይቀር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታን ተመለሰች። ሁለት ዘፈን ያህል ታገሥኩና፣ ሳልወድ በግድ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳልቀለዱ ገባኝ። ሰዎቹ እየሠሩ ነው። አራትና አምስት አሥርት ዓመት የመቱትን መሣሪያ ገና የሚማሩ ይመስል ተግተው ነው የሚመቱት። ይህን ነገርኩት፤ ደስታውን መደበቅ አቃተው።

ከዚያ የእኔ ተራ። የመጀመሪያው «ትዝታ» ነው፤ አሥር ደቂቃ ገደማ። በዝግታ ይገባል፣ አኮርዲዮኑ እየተነፈሰ። ትዝታን ያልተጫወተ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ የለም፤ ስለዚህም ትዝታን ለመጫወት መጀመሪያ ጀግንነት ያስፈልጋል፣ የሰማነው ብዙ ነውና። ጋሽ ኃይሉ ጀግንነቱን አያሳዩም። አይቸኩሉም፣ አያለቅሱም፣ አያስለቅሱም። የለመድነው ኀዘን እዚያው አለ፤ ነገር ግን ሰውዬው ያዘኑበትን ነገር ከተቀበሉ የቆዩ ናቸው። ከዚያ ባሱና ከበሮው ይገቡና ነገሩ መልኩን ይቀይራል፤ ያ ተኝቶ የነበረ ዜማ ተነሥቶ ይራመዳል፣ ቀጥሎ ያረግዳል፣ ትዝታ ሊጨፈርበት እንደሚችል በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ትከሻዬ የሄደው እኔ ሳላዘው ነው። የእህቴ ልጅ አየኝና «ጋሼ!» አለ። «ዝም በል» አልኩት።

ባሱን የሚጫወተው ማይክ ማይኮቭስኪ፣ ከበሮውን ደግሞ ቶኒ በክ ነው፤ ሁለቱም አውስትራሊያውያን። ፈረንጅ የእኛን ዜማ ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ ወይ በጣም ይጠነቀቃል ወይ በጣም ይደሰታል፤ እነዚህ ሁለቱንም አላደረጉም። አዝማሪው ስንኝ ሲሰጠው ተቀብሎ በሰዓቱ የሚመልስ የጠጅ ቤት ተቀባይ ነው የመሰሉኝ፤ ቃሉ አይገባቸውም፣ የቃሉ ቦታ ግን ይገባቸዋል። «አዲስ ናት» ቀልጣፋ ነው። «ጉም ጉም» ሲመጣ እኔን ደጋ ዳሞት ለመመለስ ስሙ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ዜማው ግን ጉም የለበትም፣ ጥርት ያለ ነው። «አንቺሆዬ ለኔ» ላይ ትንሽ ረዘመብኝ፤ ይህን የምናገረው ሁሉን አወደሰ እንዳልባል ነው። አልበሙ የሚጠራበት «ላላ በሉ» ከመጣ በኋላ ወንበሬን ወደ ስፒከሯ አስጠግቼ ነበር።

የመጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው። እዚህ ላይ አውስትራሊያውያኑ ወጡ። ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን ፒያኖ ይዘው ቀሩ። ከዚህ በፊት የነበረው ሁሉ ጎበዝ ነው፤ ይህ ግን ጎበዝ መሆን ያልፈለገ ነው። አንድ ኖታ ያስቀምጣሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ሌላ ያስቀምጣሉ፤ በመሐሉ ያለው ዝምታ ስንኝ ይሞላል። እናቴን የመሰለች ፈታይ ቢያገኝ ኖሮ እዚያ መሐል ስንቱን የላም ስም፣ ስንቱን ወለጋ የቀረ ወንድም ታስገባበት ነበር። ከ«ቼ በለው» ዘመን የተለየው ይኸው ይመስለኛል። የሂልተኑ ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ስላለባቸው ቦታ ሁሉ ይሞሉ ነበር፤ ይህኛው ሰውዬ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኖረው መጠበቅን ራሱን መጫወት ችለዋል። ይህ ደግሞ በሃያ ዓመት ዕድሜ አይገኝም፣ በሂልተንም አይገኝም። «ደህና» ብዬ የጠበቅኩት ሰው ከወጣትነቱ በላይ ሆኖ መጣብኝ፤ ያ ዘመን ሁሉ ጥሩ ነው ስል የኖርኩ ሰው፣ ከዚያ ዘመን ሰዎች አንዱ ዘመኑን አስንቆኝ ሲሄድ ምን ልበል? ባለቤቴ ዳግመኛ ከጓዳ ወጣች፤ በዚህኛው ጊዜ አልተመለሰችም፣ ተቀመጠች።

ሙዚቃው አልቆ ዝም ካለ በኋላ የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ነገር ሳይገርመኝ አልቀረም። የጊታር ጩኸት ካልሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ «ይቺን የመጨረሻዋን ድገማት» አለኝ። ደገምኳት። እኔም በበኩሌ «ፋየርፓወር»ን ስልኬ ላይ እንዲጭንልኝ ፈቀድኩለት፤ ይሁን እንጂ ብቻዬን ሆኜ ከፍቼው አላውቅም፣ ለዶሮዎቹ ስል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ኮሮናው በገባበት ሰሞን፣ ጋሽ ኃይሉ «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። እዚያ ላይ ዋሽንግተን ያሉ የራሳችን ልጆች አብረዋቸው አሉ፤ ሰጠኝ አጣናው መሰንቆ ይዞ ገብቷል፣ የጥንቱ የዋልያስ ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴም አለበት። መሰንቆው ሲገባ የፈረስ ቤት ጠጅ ቤት አዝማሪዎች ሁሉ በአንዴ ፊቴ ድቅን አሉ። ሰው «የኔ ምርጫ»ን ይመርጣል፣ ይህን ሰምቻለሁ፤ ይበልጥ የበሰለ ነው፣ ይበልጥ አገር ቤት ነው ይላሉ። እኔ «ላላ በሉ»ን እመርጣለሁ፤ ሳልጠብቀው የመጣው እሱ ነውና። ከ«የኔ ምርጫ» ግን አንድ ነገር ከእህቴ ልጅ ጋር አጣልቶናል። ጋሽ ኃይሉ የቴዲ አፍሮን «ሸመንደፈር» በመሣሪያ ብቻ ተጫውተውታል፤ ልጁ ዋናው ይበልጣል ባይ ነው፣ ቃሉ ነው ዘፈኑ ይላል፣ እንዲያ እየተባለ ጎጃሜነቱ በዚያ ጥቁር ቲሸርት ሥር ብቅ ይላል። እኔ ደግሞ ቃሉ ቢወጣም ዘፈኑ አልጎደለም እላለሁ። እስካሁን አልታረቅንም፤ ለገና ሲመጣ የተሻለ ስፒከር ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።